ወደ ሻጩ የተመለሰው የእናቴ ጆሮ

እናቴ መስማት ያቆመችው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የጠፋባት የበር ማንኳኳት ነው፤ ቀጥሎ የቄሱ ስብከት፣ ከዚያ የእኔ ንዝንዝ። ስለ ስብከቱ ትንሽ አዝና ነበር፤ በእኔ ንዝንዝ ግን ምንም አልተጎዳችም፤ እንዲያውም ፊቷ ላይ ወዝ የታየው ያኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ እሷ ግን ተረቱን ወደ ራሷ አዙራ፣ «የእኔስ ባዳ መሆን አልበቃው ብሎ ጥሎኝ ተሰደደ» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቋ የቀረው ስልክ መስማት ሲያቅታት ነው።

እናቴ ድሬዳዋ ተወልዳ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ለነበረው አባቴ ተድራ፣ በባቡር ጅቡቲ የገባች ሴት ናት። ታላቅ እህቷ እዚያው ድሬ ቀረች። ባቡሩ በደህናው ዘመን በዓመት አንዴ ሁለቴ ይገናኙ ነበር። ኋላ ባቡሩ ቆመ፤ አባቴም ሞተ፤ የእናቴም ጉልበት መኪና አልሳፈርም አለ። ለሁለቱ እህትማማቾች የቀረላቸው ስልክ ብቻ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስቴ ትደውላለች፤ እናቴ ስልኩን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናት ሴት እንደ ኮረዳ ስትንከተከት እሰማለሁ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ጠይቄያት አላውቅም፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም ነበር።

በፈረንጆቹ 2014 አካባቢ ያ ሁሉ ቀረ። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሃሎ? እትዬ፣ ጩኺ እንጂ!» ትላለች፤ አክስቴ እዚያ ማዶ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች፤ እናቴ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህ እኔ መሃል ገባሁ። ስልኩን በእኔ ጆሮ አደርግና፣ አክስቴ ያለችውን በእናቴ ግራ ጆሮ አፌን ገጥሜ እጮኸዋለሁ። የምንኖረው ካርቲዬ ዱ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር፣ ግድግዳው ጣውላና ቆርቆሮ በሆነ የጋራ ግቢ ነው፤ ለእናቴ ጆሮ የሚበቃ ድምፅ ለግቢው ሁሉ ይተርፋል፤ አማርኛ የማይሰማ ጎረቤት ደግሞ የለንም። የአክስቴን የልጅ ልጅ ፈተና መውደቅ፣ የአክስቴን የሆድ ድርቀት፣ ሁሉንም አብረን ነበር የምንሰማው። ሰኞ ጠዋት የመናዊቷ ባለሱቅ ዳቦ እየሰጠችኝ፣ «አክስትሽ ሆዷ ተሻላት?» ትለኛለች።

አንድ እሑድ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ለእናትሽ የምነግራት አንድ ነገር አለኝ» አለችኝ።

«ንገሪኝና ልንገራት» አልኳት። ድሬዎች አንቱታ አይሆንላቸውም፤ አንቺ እያልኳት ነው ያደግኩት።

«አይሆንም። ለእሷ ጆሮ ብቻ ነው። አንቺም አትሰሚው፣ ግቢሽም አይስማው።»

«ታዲያ አጽፊና ላኪላት።»

«የሚጽፍልኝ ሰው ሊያውቀው አይደል እንዴ? የሚያነብላትስ?» አለችኝ። «አርጅቻለሁ እኮ። ይዤው መሄድ አልፈልግም። ጆሮዋን አሠሪልኝ።»

ይህንን ለእናቴ ስነግራት ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «የእናታችን ነገር ይሆናል፤ ስትሞት አጠገቧ እሷ ነበረች» ትላለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ወይም ሳልዳር የነበረ ነገር ነው» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ምን ነበር ብላት መስማት እንዳቃታት ሰው ዝም አለችኝ፤ ሲያሰኛት ደንቆሮነቷን መጠቀም ታውቅ ነበር።

የጆሮ ሐኪሙ በመሣሪያ ልትሰማ እንደምትችል ነገረን። እሱ የሚያስመጣው ግን ከእኛ አቅም በላይ ስለነበር፣ እኔ በኢንተርኔት ልግዛ አልኩ። የምሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ድርጅት ነው። ዕቃ ተጎድቶ ሲደርስ ባለቤቱ የሚያመጣውን አቤቱታ ተቀብዬ መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «አንቀበልም» ነው። ስለዚህ ዕቃ ገዝቶ የመታለል ነገር እኔን አያገኘኝም ብዬ አስብ ነበር። ፈረንሳይ አገር ካለ፣ በኮምፒውተር መስኮት ካልሆነ በቀር ደጁን ካላየሁት ሱቅ፣ ከጆሮ ኋላ የሚውል የመስሚያ መሣሪያ አዘዝኩ። ዋጋውን እዚያው ከፍዬ የመሥሪያ ቤቴን የፖስታ ሣጥን አድራሻ ሰጠሁ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ መጣ። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። እናቴ ጆሮ ላይ አድርጌ ስከፍተው ዓይኗ ፈጠጠ። ጣሪያው ላይ ያለውን ቬንትሌተር ቀና ብላ አይታ፣ «ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኽ ነበር?» አለችኝ። ቀጥላ የእኔን ፊት እያየች፣ «አንቺ፣ ድምፅሽ እንደ አባትሽ ሆኗል» አለች። እሑድ እስኪደርስ አልጠበቅንም። ድሬ ደወልኩና ስልኩን ሰጥቻት፣ ምስጢሩን እንዳልሰማ ግቢው መሃል ወጥቼ ቆምኩ።

ግድግዳው ጣውላ ነውና የእናቴ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ደህና ነሽ እትዬ? በጣም ደህና ነሽ? ልጆቹስ? የልጅ ልጆቹስ? ያ በሽተኛው? ጎረቤቶችሽ ሁሉ? እግዚአብሔር ይመስገን። እኛማ ደህና፣ አንቺስ? በእኛ አገር ሰላምታ ሳያዳርስ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ባለጌ ነው፤ አለዚያም መርዶ ነጋሪ። ለዚያውም ለወራት ድምፅ ለድምፅ ያልተደማመጡ እህትማማቾች ናቸው። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ደጅ ያለችው ሎሚ ደረቀች እያሉ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ እናቴ ድምፅዋ ተለወጠና፣ «እሺ እትዬ፣ በይ ንገሪኝ፤ ብቻዬን ነኝ» አለች። ወዲያው እኔ ከቆምኩበት እስክሰማው ድረስ መሣሪያው ሲጥጥ አለ። «እትዬ? እትዬ?» ትላለች እናቴ። ሮጬ ስገባ መሣሪያው ሞቷል፤ አክስቴ በስልኩ ውስጥ እየተናገረች ነው። ስልኩን ስቀበላት፣ «ሰማችኝ?» አለችኝ። አልሰማችሽም አልኳት።

ባትሪ ቀየርኩ። አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይሞታል። ሌላ ቀየርኩ፤ ሦስት ደቂቃ። ዕቃው ከመነሻው የተበላሸ ነው። ለሻጩ ጻፍኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ ብስጭትዎን እንረዳለን» ብሎ የሚጀምር መልስ መጣ። ሲቀጥል ግን፣ ዕቃ የሚመለሰው በደረሰ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ነው፣ የእርስዎ አልፏል ይላል። የቆጠሩት ጅቡቲ ፖስታ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው፤ እኔ ደግሞ የፖስታ ቤቱ ማስታወቂያ ሣጥናችን ውስጥ ከተጣለበት ቀን ጀምሬ ቆጠርኩ። የማስታወቂያውን ማኅተም ፎቶ አንስቼ ላክሁ። አምስት ጊዜ ጻፍኩ፤ አምስት ጊዜ ብስጭቴን ተረዱኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በስድስተኛው ግን ረታኋቸው፤ ይላኩት፣ መርምረን እንቀይርልዎታለን አሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሽልማት እንዳገኘ ሰው ስደነፋ ዋልኩ።

ከመልሱ ጋር የአላላክ መመሪያ ነበረው። ባትሪው ይውጣ፣ የባትሪው በር ክፍት ይሁን፣ በጥጥ ይጠቅለል፣ ቅጹ ይሞላ። ቅጹ ላይ «መሣሪያው ፈሳሽ ነክቶታል?» የሚል ጥያቄ ነበረ፤ «አልነካውም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ለካርቶኑ ማሸጊያ ስኮች ልገዛ ባለሱቋ ጋ ደርሼ ስመለስ፣ ካርቶኑ ተከድኖ፣ እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት» አለች። አሜን ብዬ አሸግኩት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥር አለፈ፤ የካቲትም አለፈ። አክስቴ እሑድ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው። እናቴም በየሳምንቱ፣ «ጆሮዬ ፓሪስ ገብቷል?» ትለኛለች። ራሷ ፈረንሳይን ያየች ይመስል ለጎረቤት፣ «ጆሮዬ ለሕክምና ፈረንሳይ ሄዷል» እያለች ታስቃቸው ነበር።

በመጋቢት መልሱ መጣ። የቴክኒክ ክፍላቸው መሣሪያውን ከፍቶ አይቷል። ባትሪው ከሚገባበት በር ውስጥ እርጥበት ሲነካት የምትቀላ የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት አለች፤ ፎቶዋን አጉልተው ልከውልኛል፤ ቀልታለች። ፈሳሽ የነካው ዕቃ ዋስትና የለውም፤ አይቀየርም፣ ገንዘብም አይመለስም። እነዚህማ ውሸታሞች ናቸው፣ ራሳቸው አርጥበውት ነው አልኩ። ቤት ገብቼ ፎቶውን ለእናቴ አሳየኋትና ጆሮዋ ላይ ጮኽሁ፤ «ውሃ ነክቶታል ይላሉ!»

«ውሸታቸውን ነው!» አለች እሷም ተቆጥታ። «እኔ ጸበል እንጂ ውሃ መቼ አስነካሁት!»

ፎቶውንና እሷን እያፈራረቅሁ አየሁ።

«ምን ትገረሚያለሽ?» አለች። «መንገድ ሊሄድ አይደል? አንቺ አዲስ አበባ ስትሄጂ ሳልረጭሽ ለቅቄሽ አውቃለሁ? ለዚያውም እሱ በሽተኛ ነው። ጥጡን ገለጥ አድርጌ በሥላሴ ስም ሦስቴ ረጨሁት፤ ያችን የተከፈተች በሩንም አልዘለልኳትም።»

ጸበሉ የቁልቢ ነው። በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል አክስቴ ትስምና፣ በቢጫ ጀሪካን ሞልታ በከባድ መኪና ሹፌሮች ትልክልናለች። እናቴ እሱን በአልጋዋ ራስጌ አስቀምጣ ለራስ ምታትም፣ ለክፉ ሕልምም፣ ለመንገደኛም ትጠቀምበታለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እኔም ተረጭቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። የእናቴን ቤት ጥሎ የሚሄድ ነገር ሁሉ እንደሚረጭ እያወቅሁ ካርቶኑን አጠገቧ ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን ይህ ትዝ አላለኝም። «ጆሮሽን በገዛ እጅሽ ገደልሽው! የእህትሽንም አፍ ዘጋሽው!» ብዬ ጮኽሁባት። አፌን ጆሮዋ ላይ አልገጠምኩም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነው። ግቢው ሁሉ ሰማ። እናቴም ሰማችኝ። ለወትሮው አንዱን ነገር ሦስቴ ድገሚልኝ የምትለው ሴት ያን ቀን ድገሚው አላለችኝም። ጀሪካኑን አንስታ አልጋዋ ሥር ወሸቀችው። ያ ንግግሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ለሻጩ የምጽፈው ደብዳቤ በቁጭት ሆነ። ዕቃው የተበላሸው ለእናንተ ሳልልከው በፊት ነው፤ ራሳችሁ ይመለስ ያላችሁት ስለተበላሸ ነው፤ ደብዳቤያችሁ እጄ ላይ አለ። ይህን በአሥር ዓይነት ፈረንሳይኛ ጻፍኩ። እነሱ ግን አልሸሹም ዞር አሉ፤ ስለ ብልሽቱ ስጠይቅ ስለ እርጥበቱ ይመልሳሉ። አመላለሳቸውን ከእነሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ከዓመት በፊት አንድ የኢትዮጵያ ሹፌር ለሚስቱ ያስመጣትን የስፌት መኪና ይዞ ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦ ለምኖኝ ነበር። መርፌው የሚገባበት ብረት ተሰብሯል፤ ካርቶኑ ግን ትንሽ ርሷል። «ወይዘሮ፣ ውሃ ብረት ይሰብራል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ውሃ ብረት አይሰብርም። እኔ ግን የረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ከብቤ «እርጥበት ታይቷል፣ አንቀበልም» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት፤ ደህና ምሳም በላሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው። ስሙን እንኳ አልያዝኩትም፤ ሰውየውን ዛሬም እዚሁ ጅቡቲ ባለው ምኒልክ አደባባይ አካባቢ የማየው እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

በግንቦት መጀመሪያ ጸበሉን መደበቅ ሰለቸኝ። አደባባዩ ላይ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ተቀምጬ እንዳለ ጻፍኩላቸው። እናቴ አርጅታለች፤ ዕቃው ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ደህና ግባ ብላ የቤተ ክርስቲያናችንን ውሃ ጥቂት ረጭታበታለች፤ እኔ አላወቅሁም፤ ቅጹን በቅንነት ነው የሞላሁት። ድሬዳዋ ላይ የምትጠብቃት እህት አለቻት፤ ሁለቱም ጊዜ የላቸውም። ሕጋችሁን አውቃለሁ፣ ግን ሰውም ናችሁ ብዬ ጨረስኩ። ማንም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም፤ ቢጻፍልኝ እምቢ አልልም ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

መልሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በማግሥቱ መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን። መሣሪያው ፈሳሽ እንደነካው ማረጋገጥዎን መዝግበናል። ጉዳዩ ተዘግቷል።» ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ ብጽፍም የሚመልስልኝ አጣሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ገና ነው እያልኩ፣ ለሌላ መሣሪያ ከደመወዜ ማስቀረት ጀመርኩ። በሰኔ፣ መብራቱ በየቀኑ እየጠፋ ሙቀቱ በሚያስጮኸን ሰሞን፣ የአክስቴ ምራት ደወለች። አክስቴ ተኝታለች፤ እህል አትቀምስም፤ ቄስ ገብቶላታል። እናቴ «ውሰጂኝ» አለች። ልትነሣ ስትሞክር ጉልበቷ ከዳትና አልጋዋ ላይ መልሳ ተቀመጠች። ሐኪሙንም፣ የአውቶቡስ ሰዎችንም ጠየቅሁ፤ በዚያ ሙቀት በዚያ መንገድ አትደርስም አሉኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ራሷ አክስቴ መስመሩ ላይ መጣች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኗል።

«መጣ?» አለችኝ። ስለ ምን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ።

እናቴን አየኋት። አፌን አፌን ታያለች።

«መጥቷል» አልኳት። «አድርጋዋለች።»

«እሰይ። ስጪኝ በይ።»

ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩና፣ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ «እሺ በያት» አልኳት በከንፈሬ ብቻ። ገባት። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። አክስቴ በዚህ ጊዜ ሰላምታ አላበዛችም መሰለኝ፤ ወዲያው እንደ ሹክሹክታ ያለ ረጅም ነገር ሲፈስ በጆሮዋና በስልኩ መሃል ተሰማኝ። ቃሉ አይለይም። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ አንድ ቁልፍ ብነካ ሁሉንም እሰማ ነበር። ለእሷ ጆሮ ብቻ ተብሏልና አልነካሁትም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እናቴ ባዶውን እያዳመጠች፣ «እሺ እትዬ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እሺ፣ እሺ የኔ እናት።» በመጨረሻ ደግሞ፣ «በእግዚአብሔር ስም፣ እሺ አልኩሽ እኮ።» ሹክሹክታው ሲቆም ስልኩን ወሰድኩ። አክስቴ እያለቀሰች ነበር፤ ግን የተገላገለች ሴት ለቅሶ ነው። «አሁን ቀለለኝ» አለችኝና ዘጋች።

በአራተኛው ቀን ሞተች። ለቅሶ የመጡት የማኅበር ሴቶች ሳትሰናበቺያት ብለው ሲያዝኑላት፣ እናቴ ቀና ብላ፣ «ኧረ ተሰነባብተናል፤ የልቧን ሁሉ ነግራኛለች» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር እጄን ይዛ ወደ ግራ ጆሮዋ ሳበችኝ።

«ምን ብላኝ ነው እሺ ያልኳት?»

አላውቅም አልኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ አልሰማሁም፣ ሆን ብዬ አልሰማሁም አልኳት።

«አንቺ ጆሮ አለሽ አይደል?» አለችኝ። «ምነው ታዲያ ትንሽ እንኳ ብትሰሚልኝ?»